ሽማግሌ የተላከበት አሰላለፍ

አዳማ ላይ እንግዳ ሆኖ መሰንበት የቻለ ሰው ካለ እኔ አላየሁም። ሌላ ከተማ ቤት ብትከራዩ ጎረቤት ስማችሁን ለመጠየቅ ወራት ይፈጅበት ይሆናል። እኛ ጋ ግን ፍራሻችሁ ከአይሱዙው ላይ ሳይወርድ «ከወዴት ናችሁ? እዚህ ዘመድ አላችሁ? ትዳርስ እንዴት ነው?» ትባላላችሁ። በሳምንቱ ለቅሶ ትጠራላችሁ፤ በወሩ ዕድር ትገባላችሁ፤ ዓመት ሳይሞላችሁ ስሙን በቅጡ በማታውቁት ሰው ጠብ ውስጥ አስታራቂ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። የመንገድ ከተማ ስለሆንን ይመስለኛል። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፣ ወደ አሰላ የሚወጣው፣ ወደ ሐረር የሚያልፈው ሁሉ ምሳውን እኛ ጋ በልቶ ነው የሚሄደው። ሁሉም አላፊ በሆነበት ከተማ ቆም ያለውን ሰው ቶሎ ካልያዙት ያመልጣል። እኛ ደግሞ ስንይዝ አጥብቀን ነው።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። ሞጆ ደረቅ ወደብ እየተመላለስኩ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሳስለቅቅ ፀጉሬ ሸበተ። ዕቃ ደግ ነገር ነው፤ ከየት እንደተነሣ፣ የት እንደሚደርስ፣ ምን እንደያዘ ተጽፎበት ይመጣል። ሰው ግን እንዲህ አይገኝም። ጂሁ የሚባለው ኮሪያዊ ወጣት አንድ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ታኬታውን በትከሻው አንጠልጥሎ የጎረቤቴን የእትዬ አስካለን በር ያንኳኳ ዕለት ከየት እንደመጣ ነገረን። ለምን እንደመጣ ግን የነገረን ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያ ዕለት የገባን ይህን ያህል ነው። ጂሁ ኳስ ተጫዋች ነው፤ የክንፍ ተጫዋች። አንድ ወኪል «አፍሪካ ውስጥ ጥሩ ክለብ አግኝቼልሃለሁ» ብሎት መጣ። ጥሩ የተባለው ክለብ ስሙን አልጠራውም እንጂ በከተማችን ካሉት ሁሉ ትንሹ፣ በታችኛው ሊግ የሚንፈራገጥ፣ አንዳንዴ ለልምምድ የሚወጣበት ሜዳ ላይ የሠርግ ድንኳን ተተክሎበት የሚመለስ ነው። የልጁ ነገር ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። በአገራቸው ወንድ ልጅ ሁሉ ወታደር ቤት የመግባት ግዴታ አለበት። ውጭ አገር ክለብ ይዞ ከተጫወተ ጉዳዩ ለጥቂት ዓመታት ይቆይለታል፤ ውሉ ካልታደሰ ግን ተመልሶ መለዮ ይለብሳል። ያለ ክለብ ወታደር ቤት የገባ ተጫዋች ሲወጣ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ሜዳ ላይ መታየት አለበት። ይህን ሁሉ ያስረዳን በስልኩ አስተርጓሚ ነው፤ ስልኩም አማርኛው እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ስለሆነ ነገሩ የበለጠ አሳዘነን።

ስለ ኮሪያ የምናውቀው እንግዲህ የዘማቾቹን ታሪክና ሴቶች ልጆቻችን እያለቀሱ የሚያዩትን ድራማ ነው። ጂሁ በመጣ በወሩ ከተማው ውስጥ አጎቱ ኮሪያ ያልዘመተ ሰው ጠፋ። የባጃጅ ሾፌሮች መጀመሪያ «ቻይና!» ይሉት ነበር፤ በኋላ የአጎቶቹ ወሬ ሲሰማ ራሳቸው ሌላውን የሚያርሙ ሆኑ። ልጁ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያይ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለው። እትዬ አስካለ በአክብሮት የሚበልጣቸው ሰው አይወዱምና እሳቸውም ጎንበስ ይላሉ። እሱ ደግሞ የባሰውን ይጎነበሳል። ግቢው በር ላይ እንዲህ ሲባባሉ ሽሮው ያረረበትን ቀን አውቃለሁ።

አማርኛውን ቶሎ ያዘ። «እሺ» አለ፤ «ይቅርታ» አለ፤ «ጠግቤያለሁ» አለ። የመጨረሻውን ያመነው ሰው የለም።

ከልጁ ጋር ችግር ያልነበረው ሁሉም ሰው ነው፤ ከአሰልጣኙ በቀር። አሰልጣኝ ገመቹ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ቁጥብ፣ ለሚጠይቀው ሁሉ «እናያለን» ብሎ የሚመልስ። ጨዋታ ይመጣል፣ ጂሁ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሌላ ጨዋታ ይመጣል፣ ጂሁ ወንበሩ ላይ ነው። ንጋት ላይ ባጃጆች ሳይወጡ አስፋልቱን ብቻውን ሲሮጥበት እናያለን፤ ቅዳሜ ግን ማሊያውን ለብሶ ሲቀመጥ ነው የምናየው። እትዬ አስካለ በሕይወታቸው ኳስ አይተው የማያውቁ ሴት ጃንጥላቸውን ይዘው ሜዳ መምጣት ጀመሩ።

«የኔ ልጅ ለምንድነው የሚቀመጠው? አሞታል እንዴ?» አሉኝ።

«አላመመውም። አሰልጣኙ አላሰለፈውም እንጂ።»

«ለምን?»

«እሱ ነው የሚያውቀው እትዬ።»

ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው የለውማ! እናት አባቱ ባሕር ማዶ። ያ ያኛው ረጅሙ፣ ኳስ በደረሰው ቁጥር የሚያስነጥቀው፣ አባቱ እዚሁ ጋራዥ አለው። ለዚህ ማን ይናገርለት?»

ይህን ስትሰሙ ምን አላችሁ? እኔ «እውነታቸውን ነው» አልኩ። እናንተም ትሉ ነበር። በዚህ አገር ሰው ችሎታ አጥሮት ሲወድቅ «ይማር» እንላለን፤ ሰው አጥቶ ሲወድቅ ግን እንቅልፍ ይነሣናል። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ቸርነት የመነጨ ነው። ክፉ ሰው የሌለበት ታሪክ ነው የማወራችሁ፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

እትዬ አስካለ አሰልጣኙ ላይ ሽማግሌ ላኩ።

አዎ፣ ሽማግሌ። ለተጣላ ባልና ሚስት የሚላከው፣ ልጃገረድ የሚጠይቀው፣ ደም የሚያደርቀው ሽማግሌ፤ ለቀኝ ክንፍ ቦታ ተላከ። አመራረጣቸውም በወጉ ነው። አንደኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ከሚሌ እስከ ሞያሌ መኪና ሲያሠማሩ ኖረው አሁን ከልጆቻቸው ጋር የሚከራከሩበት ጡረታ ላይ ያሉ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ያለ ማርሽ የሚነዱ። ሁለተኛው የእትዬ አስካለ የነፍስ አባት ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገር ያውቅበታል» ተብዬ። ሐጂና ቄስ ጎን ለጎን ቆመው ሲለምኑት እንቢ የሚል ሰው በአዳማ ገና አልተወለደም።

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ደምበላ ሰፈር የሚገኘው የገመቹ ቤት ደረስን። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ የነፍስ አባት ጥምጥማቸውን አሳምረዋል፤ እኔም የሠርግ ሱፌን አስተኩሻለሁ። ገመቹ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ሆኖ በሩን ከፈተ።

«አካም ቡልተን!» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ እያለ እጁን ለሐጂ ሲዘረጋ ከኋላቸው የቆመውን ጥምጥም አየ። ቀጥሎ የኔን ሱፍ አየ። እጁ መሃል ላይ ቀረ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አለን ሳሎን ከገባን በኋላ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

ወጉን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይህች ቃል በአንድ ቤት ውስጥ የምትነገረው ለአንድ ጉዳይ ነው። እኛ ሽማግሌ ሆነን ስንሄድ የለመድነውን ነበር የተናገርነው፤ ሌላ አነጋገር ስለማናውቅ። ገመቹ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የምትማር፣ ለዕረፍት ቤት የመጣች ልጅ አለችው። ከጓዳ ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቀጥ አለ።

«ገመቹ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጃችን ጨዋ ነው። ታላቁን ያከብራል። አይጠጣም፣ አያጨስም። አገሩ ሩቅ መሆኑን አንደብቅህም፤ አመሉ ግን የቅርብ ነው። ደጅ ጠንቶ ጠንቶ እኛም አሳዘነን። አንተ ዘንድ ያለውን እንድትሰጠው መጥተናል፤ አታሳፍረንም።»

የገመቹ ግንባር በላብ ወዛ። «ሐጂ፣ እርስዎን እንዴት አድርጌ እንቢ እላለሁ? ግን ልጅቷ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። ደግሞ እኔ ብቻዬን የምወስነው ነገር አይደለም። ነገሌ ታላቅ ወንድሜ አለ፤ እሱ ሳይጠየቅ…»

«የቷ ልጅ?» አሉ የነፍስ አባት።

መንግሥት መሥሪያ ቤት መነጋገር የሚያውቅበት ሰው የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነውና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ገመቹ፣ የመጣነው ለኳሱ ነው። ጂሁ ቅዳሜ ይሰለፍልን ለማለት ነው።»

ገመቹ እኛ ቆመን ሳለ እሱ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሳቀ፤ ሳቁ ዕንባ አመጣ፤ ዕንባውን በቲሸርቱ ጠረገ። «ለኳስ! ለኳስ ነው እንዴ! እሺ! ይሰለፋል! ባይሆን ሁለት ቦታ ይሰለፋል! እኔ እኮ እሱን ልጅ…»

«በቃ!» አሉ ሐጂ እጃቸውን አንሥተው። «እሺ ካልክ እሺ ነው። ነገር አታርዝም።» ወዲያውም ምርቃቱን ጀመሩ። ሲጨርሱ የነፍስ አባት ተቀበሉ። ገመቹ ሁለት ጊዜ አፉን ሊከፍት ሞከረ፤ በምርቃት መሃል ግን አይናገሩም። ሚስቱ ጭኮ በቅቤ አቀረበች። ጉዳዩ ጋብቻ ባለመሆኑ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ፤ ልጁን ሜዳ ላይ ሲያሟሙቅ አይታው ኖሯል።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የሐጂ አፍ ግን ተዘግቶ አያውቅም። ቅዳሜ ሳይደርስ ወሬው ከደምበላ እስከ ወንጂ መንገድ ተዳረሰ። ጨዋታው ሲጀመር ጂሁ በእርግጥ ቋሚ ተሰላፊ ነበር፤ እትዬ አስካለ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ እኛ ሦስታችን አጠገባቸው። መቼም ልጁ ይችላል። ኳሷ እግሩ ሥር ስትገባ ቤቷ የገባች ትመስላለች። ተመልካቹ ግን የአዳማ ተመልካች ነው። ተቃራኒ ቡድን ፍፁም ቅጣት ምት ሲሰጠው «ሐጂ! ዳኛውንም አነጋግሩልን እንጂ!» አለ አንዱ፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሐጂም እየሳቁ እጃቸውን አውለበለቡ።

ከዕረፍት በኋላ ጂሁ ከቀኝ ገብቶ፣ ሁለት ሰው አልፎ፣ በግራ እግሩ አገባት። እንዴት ያለች ጎል መሰለቻችሁ! ሜዳው ተነሣ፤ ተነሥቶም ወደኛ መጣ። «እንኳን ደስ አላችሁ! ሽምግልናችሁ ሠመረ!» እያለ የማናውቀው ሰው ሁሉ እጃችንን ይጨብጣል፣ የነፍስ አባትን መስቀል ይሳለማል። እኔም እጄን እየሰጠሁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬን አልደብቅም። ጂሁ ሁለት እጁን ከፍቶ ወደ ተመልካቹ ሮጦ መጣ፤ የሮጠው ወደ እትዬ አስካለ ጃንጥላ ነው። መሃል ላይ ሩጫው ቀዘቀዘ። ያገባው እሱ፣ የሚጨበጡት ሦስት ሽማግሌዎች። ቆሞ ተመለከተን። አንዱን ጓደኛውን ምን እንደሆነ ጠየቀው፤ ጓደኛው ወደ ሐጂ ጠቆመና የሆነ ነገር ነገረው። ጂሁ እጆቹን አወረደ።

ጨዋታው ሲያልቅ ገመቹ በር ላይ ጠብቆ ወደ ጎን ሳበኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ያን ዕለት አላናግር አላችሁኝ እንጂ፣ እኔ እኮ ልጁን ላሰልፈው ወስኜ ነበር። ቋንቋ እስኪለምድ ብዬ ነው ያቆየሁት፤ እናንተ ልትመጡ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ፣ ጠርቼ ‘በሚቀጥለው ትጀምራለህ፣ በጉልበትህ አግኝተሃታል’ ብዬዋለሁ። አባቱ ጋ ደውሎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ልጁ ለእትዬ አስካለ ያልነገራቸው ሜዳ መጥተው በዓይናቸው እንዲያዩት ብሎ ኖሯል። እኛ ደግሞ በእጁ የገባውን ነገር ሄደን ለመንንለት። አሁን ገመቹ እውነቱን ቢምልለት እንኳ ልጁ በምን ያምናል? አሰልጣኙ ያለው ቀድሞ ነው፣ የኛ ምርቃት ኋላ፤ ነገር ግን ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ምርቃቱን ብቻ ነው።

ማምሻውን እትዬ አስካለ ግቢ ተቀመጥን። ዶሮ ተሠርቷል። ጂሁ «ጠግቤያለሁ» አለ፤ ያን ቀን አመንነው። ከዚያ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በስልኩ ነገረን። አባቱ በአገሩ ትንሽ ከተማ ምግብ ቤት አለው። ልጅ ሳለ የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ አላሰልፍ ሲለው አባቱ አሰልጣኙን ጠርቶ ጥሩ ራት ጋበዘው። በማግስቱ ጂሁ ተሰለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ የሚያቀብለው ጓደኛ ጠፋ። ጥሩ ሲጫወትም «ራቱ ነው የሚጫወተው» ይሉት ነበር። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ ወሬው ቀድሞት ደረሰ።

«ከዚያ» አለ ጂሁ ስልኩን አስቀምጦ፣ በራሱ አማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገ፣ «ሰው የሌለኝ አገር ፈለግሁ። ማንም የማያውቀኝ። ብቻዬን። ሩቅ።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። በመጨረሻ ያሉት ይህን ነው፦ «ልጄ፣ እኛ ክፉ ብለን አይደለም።»

«አውቃለሁ እማማ» አለ። «አባዬም እንደዚህ ነው ያለው።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጨዋታ ሁሉ ተሰለፈ። ጥሩ ተጫወተ። ሌላ ጎልም አገባ፤ እኛ ሦስታችን ግን እያንዳንዳችን ሰበብ ፈጥረን ሜዳ አልሄድንም፤ ሐጂ ጉልበታቸውን አመማቸው፣ እኔ ሞጆ ሥራ በዛብኝ፣ የነፍስ አባት ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበር ሆነባቸው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ክለቡ ውሉን ላድስልህ አለው። ማንም አልለመነለትም፤ ይህን በመሐላ ማረጋገጥ እችላለሁ። እሱ ግን አመስግኖ እንቢ አለ። በገዛ እጁ ሌላ አገር፣ ሌላ ክለብ አግኝቶ ነበር። ሻንጣው ውስጥ እትዬ አስካለ በሶና በርበሬ አጨቁበት። በር ላይ ከወገቡ ጎንበስ አለ፤ እሳቸውም ጎንበስ አሉ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ማናቸውም ቶሎ ቀና አላሉም።

በየሳምንቱ እሑድ ይደውላል። ስለ ምግቡ ይነግራቸዋል፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አዲሱ አሰልጣኝ። አንድ ነገር ብቻ አይነግራቸውም። «የት ነህ ልጄ?» ሲሉት «ደህና ቦታ ነኝ እማማ» ይላል። «አገሩ ማን ይባላል?» ሲሉት ይስቃል። ከተማውን እስከ ዛሬ አልነገረንም። እኔ በልቤ «አበጀህ» እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ሲደውል ሐጂም እኔም እዚያው ነበርን። እትዬ አስካለ ድምፁን ለሁላችን ከፈቱት። ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ነው፣ ፀሐይዋ ገና እሳት ናት። ጂሁ ከአዲሶቹ ጓደኞቹ ጋር መላመዱን፣ ቡድኑ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አለመኖሩን፣ ኳሱ ደስ እያለው መሆኑን ሲያወራ ድምፁ ሌላ ሰው መስሏል። ተጫዋች መስሏል። ቀጥሎ «አሁን መሸ፣ ራት ልበላ ነው» አለ። ከጀርባው፣ ከሩቅ፣ አዛን ተሰማ።

ሐጂ ቀና አሉ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ሰማይ አዩ፤ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «እሱ ዘንድ መግሪብ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ገና ዘጠኝ… ይህ ልጅ በምሥራቅ ነው። ባሕሩን ተሻግሮ፣ ከዐረቦቹም ወዲያ» አሉ ለራሳቸው። ፊታቸው በራ። «የአማቼ ወንድም ለንግድ የሚመላለሰው ወደዚያው አይደል?»

እትዬ አስካለ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «እዚያስ ያሰልፉት ይሆን?» አሉ በሹክሹክታ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ፓስፖርትህ ጊዜው አላለፈም አይደል?»

አላለፈም።